አሥራ ሁለቱ ባለሙያዎች

«አሥራ ሁለት ባለሙያዎች አሉን። ሁሉም የሰለጠኑ፣ ሁሉም ልምድ ያላቸው ናቸው» ይላል ወንድሟ በስልክ። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። እህቱ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ከኮሪደሩ ቀጥሎ ባለው የፊት ክፍል ውስጥ ደግሞ የድርጅቱ ብቸኛ ባለሙያ፣ ማለትም የሁለቱም እናት፣ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር ትራስ እያነሳች፣ ጨርቅ እያራገፈች ትፈልጋለች። «እናንተ፣ መነጽሬን ያየ የለም?» አለች ጮክ ብላ። ወንድምየው የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነና «ዝም በሉ እንጂ፣ ጋዜጠኛ ነች!» ብሎ በሹክሹክታ ተቆጣ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ አሥራ ሁለቱ ባለሙያዎቹ ተመለሰ።

እዚህ ቤት ወንድምየው የሚጠራው «ዳይሬክተሩ» እየተባለ ነው። ስሙን ያወጣችለት እህቱ ናት፤ ከሦስት ወር በፊት ደህና የቢሮ ሥራውን ለቆ፣ አንድም ደንበኛ ሳይኖረው አምስት መቶ የስም ካርድ ያሳተመ ዕለት። ካርዱን የሠራችለትም እሷው ነች፣ የምትሠራበትን የማተሚያ ቤት አለቃ ለምና፣ በነጻ። ድርጅቱ «ቶሎ ስፌት» ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፦ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ እግሩ የረዘመ ሱሪ፣ ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ፣ ኪሱ የተቀደደ ኮት ይሰበስባል፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አስተካክሎ ይመልሳል። ትእዛዝ ለመቀበል የስልክ መተግበሪያ አለ። ካርታ ያሳያል፣ ደወል ያሰማል፣ ደንበኛውን በስሙ ሰላም ይላል። ለመስፋት ደግሞ እማዬ አለች።

ያን ቀን እህትየው ከማተሚያ ቤቱ ፈቃድ የወሰደችው እማዬን ዓይን ሐኪም ቤት ልትወስዳት ነበር። ባለፈው ወር ሐኪሙ የእማዬን ሁለት ዓይኖች በመብራት አይቶ የዓይን ሞራ ነው ብሏል። ቀኝ ዓይኗ ቶሎ መሠራት አለበት፤ እስከዚያው ስፌት ብትተው ጥሩ ነው፣ አልተውም ካለች ግን በቀን ከአራት አምስት ልብስ እንዳታሳልፍ፣ ብሎ በወረቀት ጭምር ጽፎ ሰጥቷታል። ወረቀቱ አሁን የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከመርፌዎቹ ጋር ነው ያለው። በዋዜማው ማታ ግን ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። አዳዲስ ድርጅቶችን የምታስተዋውቅ አንዲት ጋዜጠኛ «ሚዲያ ኪታችሁን እስከ ነገ አሥር ሰዓት ላክልኝ» ብላዋለች። እሱም «ዝግጁ ነው» ብሏታል። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ እህቱን «እታለም፣ ሚዲያ ኪት ምንድነው?» አላት።

ነገሩ ለጋዜጠኛ የሚሰጥ የድርጅቱ ማስተዋወቂያ ጥራዝ መሆኑን አስረዳችው። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደመሠረተው፣ ጥቂት ቁጥሮች፣ ጥቂት ጥሩ ፎቶግራፎች፣ ሎጎው፣ መጨረሻ ላይ የሚደወልበት ሰው ስልክ። አምስት ገጽ ቢሆን ነው። ሐኪም ቤቱስ ብላ ወደ እናቷ ብትዞር እማዬ ከሥራዋ ቀና ሳትል «የሱ ይቅደም። ዓይኔ የትም አይሄድ» አለቻት። ነገር እዚያ ላይ አለቀ። እዚህ ቤት የእሱ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ሲወለድም የመጨረሻ ተወልዶ የቀደመ እሱ ነው።

እና ይኸው፣ በፈቃድ ቀኗ፣ የእናቷ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሌላ መቀመጫ የለም። ሶፋው ላይ ሱሪ ተከምሯል፤ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የቢሮው ፎቅና የሚያጥርበት መጠን የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሁለቱ ነጠላ ወንበሮች ላይ ቀሚስና ኮት አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር አንድ ጥቁር ሱሪ እግሩን አንጠልጥሎ የስክሪኑን ግማሽ ሸፍኗል። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ ብርሃኑ እስኪሄድ ድረስ እማዬ እዚያ ናት፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ። ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ ፈሷል። ከሰኞ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ሱሪ ገብቷል፣ ዛሬ ደግሞ ገና ረቡዕ ነው።

መጀመሪያ የመሥራቹ ታሪክ ተጻፈ። ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እየተንጎራደደ ያጽፋታል። «ከልጅነቱ ጀምሮ ለልብስ ጥበብ ልዩ ፍቅር የነበረው...» ሲል ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። «አንተ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሹራብህን ገልብጠህ ነበር የምትለብሰው» አለችው። «እሱን ማን ያውቃል?» አላት። ቀጠለች። «ዓለም አቀፍ ልምድ ያካበተው...» የምትል ዓረፍተ ነገር መጣች፤ ዓለም አቀፍ የተባለው የሁለት ቀን የኢንተርኔት ሥልጠና ነው፣ እሱም ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶበት ያልጨረሰው። ግን ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። አራት ሰዓት ላይ አንድ ገጽ የሚያክል፣ ውሸቱ ከግማሽ የማይበልጥ ታሪክ ወጣላት።

እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው የማይሠራውን ስሕተት ሠራ። ረቂቁን፣ «አስተያየት ስጡበት» ብሎ፣ «የቤተሰብ ፍቅር» በሚባለው የዘመድ አዝማድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። አርባ ሦስት ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። አጎታቸው፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌቱን ለድርጅቱ የለገሰው፣ «የቦርድ ሰብሳቢ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ጥያቄውን ተከትሎ ኮትና ክራቫት ያደረገ ፎቶግራፉን ላከ። አክስታቸው የድርጅቱን ስም እኔ ነኝ ያወጣሁት አለች። የአክስት ልጅ የሆነው ኢንጂነር ደግሞ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት የሌለበት ጽሑፍ ድርጅት አያሰኝም ብሎ ሁለት ገጽ ጨመረበት። ሌላዋ መተግበሪያውን መጀመሪያ ስልኳ ላይ ያወረደች እሷ መሆኗ ይታወቅላት አለች። ዳይሬክተሩ ማንንም ማስቀየም አልወደደም፤ ለሁሉም «እሺ» ይላል፣ ለሁሉም ልብ ይልካል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ «መሥራቾች» የሚለው ገጽ አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። እህትየው ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበችው። እማዬ የለችበትም። እማዬ ግሩፑም ውስጥ የለችም፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ከአርባ ሦስቱ ደግሞ አንድም ሰው «እሷስ?» አላለም።

«ከአሥራ አንዱ ውስጥ መርፌ የያዘ አንድ ሰው ጥቀስልኝ» አለችው።

«ታጠፊዋለሽ በኋላ፣ አሁን እንዳይቀየሙ ነው። ፎቶ ይቀድማል፣ ፎቶ!»

ፎቶ የሚለውን ቃል እማዬ ሰምታ ኖሮ መኪናው ዝም አለ። ከመስኮቱ ሥር ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስትመለስ ለለቅሶም ለሠርግም የማትለብሳትን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የምታኖራትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ጸጉሯን ቅባት አስነክታ ወደ ኋላ አስይዛለች፤ መነጽሯንም አውልቃለች። መኪናው ፊት ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ እጆቿን እንደ ተማሪ አጣምራ። ዳይሬክተሩ ተንበረከከ፣ ስልኩን ደቀነ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ «እማዬ፣ እጅሽን ብቻ ነው የምፈልገው። መርፌው አጠገብ አድርጊልኝ። እንደሱ። ቀለበቷን አውልቂያት» አላት።

«ፊቴስ?»

«ፊት አያስፈልግም። ባለሀብቶች ወጣት ነገር ነው የሚፈልጉት። እጅ ግን ያምራል፣ ሙያ ያሳያል።»

«እሺ» አለች እማዬ። ቀለበቱ ቶሎ አልወጣላትም፤ ጣቷ አብጧል። በሳሙና ነው ያወጣችው። ዳይሬክተሩ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አነሳትና «በጣም አሪፍ!» ብሎ እየሮጠ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እሷ ቀሚሷን ሳትቀይር ሽርጧን ከላይ አሰረችበት። መነጽሯን አደረገች። ቀጣዩን ሱሪ ሳበች። እህትየው መኪናውን አዳመጠች፣ ትንሽ ሄዶ እየቆመ፣ ትንሽ ሄዶ እየቆመ። ድሮ እንዲህ አይቆምም ነበር። አሁን ግን መርፌው የት እንደደረሰ በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምትሰፋው።

«በቀን ስንት እየሠራሽ ነው?» አለቻት በመጨረሻ።

«የመጣውን።»

«ስንት ነው የመጣው?»

«ዘጠኝ። አንዳንዴ አሥር። ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ሠርቼ ነው ያሳደግኩሽ» አለች እማዬ፣ የተሰፋውን መስመር በአውራ ጣቷ እየተከተለች። አንዱ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፤ መስመሩ ዘሟል። መተርተር ጀመረች።

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን አፋጠጠችው። ቁጥሮች የሚለውን ገጽ ስክሪኑ ላይ አሳየችው፦ አሥራ ሁለት ባለሙያዎች፣ በሃያ አራት ሰዓት፣ ያለ ገደብ። «ይሄ ቢታተም ነገ ስንት ሱሪ ይመጣል? መቶ? ሁለት መቶ? ማን ሊሰፋው ነው? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል። ዓይኗን ልታጠፋው ነው!» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጮኸችው፣ እንዲህ ዓይነት ጩኸት የሚችሉት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እሱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «መጀመሪያ ትእዛዝ ይመጣል፣ በትእዛዙ ሰው እቀጥራለሁ፣ ከዚያ እሷ ታርፋለች። ሌላ መንገድ የለም። ስለ አንዲት አሮጊትና ስለ አንድ የስፌት መኪና ማን ጋዜጣ ላይ ይጽፋል? ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ሁሉም!» አለ። ጫማውን አየችው። የቀኙ ሶል አፉን ከፍቷል። ሞተር ብስክሌቱ ከተበላሸ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሱሪውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት ሕንጻ ላይ አሥራ አንደኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሰነፍ ቢሆን እንዴት በቀለላት። ሰነፍ አይደለም። ልብ አድርቅ ነው እንጂ።

«አሥራ ሁለት የሚል እኔ አልጽፍም። አንድ ብዬ እጽፋለሁ። በቀን አምስት ልብስ ብዬ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ» አላት። እንዲህ በቀላሉ መስማማቱን መጠርጠር ነበረባት። አልጠረጠረችም። ከምሳ በኋላ ተቀምጣ ከመሥራቾቹ አሥሩን ሰረዘች፣ ራእዩንና ተልእኮውን አወጣች፣ ሎጎውን አስተካከለች። ጥሩ ሥራ ሆነላት። አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እሱን ጨርሳ ፋይሉን ስም ሰጥታ ልታስቀምጠው ስትል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«የቶሎ ስፌት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነዎት?» አለች አንዲት ወጣት ድምፅ። «ሚዲያ ኪታችሁ ጠዋት ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። አሥራ አንድ መሥራቾች አሉ፣ አሥራ ሁለት ባለሙያዎች አሉ። እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው?»

እህትየው ክው አለች። ዳይሬክተሩ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የነበረውን ረቂቅ፣ ዘመድ አዝማድ የተረባረበበትን፣ እንዳለ ልኮታል፤ ኃላፊ ተብላ የተጻፈችው ደግሞ ሳትጠየቅ እሷ ናት። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሟል። አመዱ ቡን ብሏል። በእጁ ይለምናታል፣ አሥር ጣቱን ይዘረጋል፣ ከዚያ ሁለት ይጨምርበታል።

«ከባለሙያዎቹ አንዷን ባነጋግራት ደስ ይለኛል» አለች ጋዜጠኛዋ። «ገጹን አሥር ሰዓት ነው የምዘጋው።»

ዳይሬክተሩ በጣቱ ወደ እህቱ ጠቆመ፣ አንቺ ሁኚ ማለቱ ነው። አልሆነችም። ደሟ ፈልቷል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችና የፊት ክፍል ገብታ እናቷ ጉልበት ላይ፣ ሱሪው መሀል አስቀመጠችው። «ጋዜጠኛ ናት፣ እማዬ። የምትጠይቅሽን እውነቱን ንገሪያት» አለቻት። እህትየው እማዬ የዋሸችበትን ቀን አታስታውስም፤ የተረፈ ክር ሳይቀር ለባለቤቱ ጠቅልላ የምትመልስ ሴት ናት። ስለዚህ አሁን ነገሩ ያበቃል፣ ጋዜጠኛዋም እውነቱን ትሰማለች፣ የእናቷም ዓይን ይተርፋል ብላ ቆመች።

«እናቴ፣ እዚያ ነው የሚሠሩት?»

«አዎ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ።»

«ስንት ናችሁ?»

እማዬ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ልጇን አየችው። ጣቶቹን ሰብስቧል፣ እጁ ሁለት ጎኑ ላይ ወድቋል።

«አሥራ ሁለት ነን» አለች።

እህትየው ግንባሯን በመዳፏ መታች። ስልኩን ልትነጥቃት እጇን ስትሰድ እማዬ በክርኗ ከለከለቻትና ቀጠለች። ማን ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ አልተንተባተበችም። አንደኛዋ ቆራጭ ናት፤ መቀሷን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ኮሌታ ላይ ሁለት መንታ እህትማማቾች አሉ፣ አንዷ ስታነጥስ ይማርሽ የምትባለው ሌላዋ ናት፣ ማንም አይለያቸውም። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ዘፋኝ ነገር ናት፤ አለቃ ሲመጣ ዜማዋን ትቀይራለች፣ እኛም በዚያ አውቀን ወሬ እናቆማለን። ካውያ ላይ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት፣ መቆም ከብዷታል፣ ተደብቀን ወንበር አግኝተንላታል። ኪስ፣ እጅጌ፣ ገበር፣ ጫፍ ማጠፍ፣ ቀበቶ ማስገቢያ፣ ክር መልቀም፣ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ እያንዳንዷን ከነጠባይዋ። «እኔ ዚፕ ላይ ነኝ» ብላ ጨረሰች።

ከስልኩ ውስጥ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። «እንዴት ደስ ይላል! ይሄን እንዳለ ነው የማስገባው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለች ጋዜጠኛዋ፤ ዘጋች።

ዳይሬክተሩ እየሳቀ ገብቶ እናቱን ጉልበቷ ላይ ሊስም ተደፋ። «እማዬ! ከየት አመጣሻቸው? እኔ እንኳ አመንኳቸው እኮ!»

«አልፈጠርኳቸውም» አለች እማዬ። «ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ እናንተም ሳትወለዱ፣ አንድ ረድፍ ላይ ነበርን። ሰባቱ ሞተዋል። ከሰባቱ አንዷ ነፍሰ ጡሯ ናት፣ ወንበሩን ባገኘንላት ወር በወሊድ ሄደች። የቀሩት አራቱ ከእኔ ብሰው አያዩም።» መርፌውን ከጨርቁ አወጣች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሰው ፊት ስትዋረድ ማየት አልችልምና ገመናህን ሸፈንኩልህ። ለጋዜጣ ዋሸሁ። ለሱሪ ግን አይዋሽም። ነገ ሱሪው ሲመጣ የሚሰፋው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ከዛሬ ጀምሮ አቁሟል። ሲሻለኝ ልጀምር፣ ላልጀምር፣ እኔ ነኝ የምነግርህ።»

ዳይሬክተሩ የሚቀመጥበት ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ ሱሪው ላይ እንዳይቀመጥ ፈራ፣ ቆመ። እማዬ መኪናውን ጨርቅ አለበሰችው። በቀን ብርሃን ስታለብሰው ልጆቿ አይተው አያውቁም። ሽርጧን ፈታች። «ሐኪሙ እስከ ስንት ሰዓት ነው ያለው?» አለቻት ሴት ልጇን። እስከ አሥራ አንድ ነው አለቻት። የተናደደችው በማን እንደሆነ እንኳ አሁን ጠፍቷታል፤ በወንድሟ ነው፣ በእናቷ ነው፣ ራሷ በጻፈችው ንጹሕ አምስት ገጽ ነው። ቦርሳዋን ፈልጋ አነሳች።

በሩን ሊያልፉ ሲሉ የዳይሬክተሩ ስልክ ጮኸ። አጎታቸው ነው፣ ድምፁ ሳይጎላ እንኳ ይሰማል። ግሩፑ ላይ ያየውን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አውርቷል፤ የቦርድ ሰብሳቢ መቼም ዝም አይልም። አርባ ሱሪ የቤት መኪናው ውስጥ ጭኖ ታች የሕንጻው በር ላይ ቆሟል፣ ለነገ ይደርሳል ብሎ ቃል ገብቷል፣ አሥራ ሁለቱን ባለሙያዎችም ሰላም ማለት ይፈልጋል። ከታች የመኪና ጡሩምባ ሁለቴ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ እናቱን ተከትሎ ወደ ደረጃው ወጣ።

«እማዬ፣ ምን ልበለው?»

እማዬ የደረጃውን ብረት በእጇ ዳሰሰች፣ አገኘችው፣ ያዘችው።

«አሥራ ሁለቱም እረፍት ወጥተዋል በለው» አለችና በሴት ልጇ ክንድ ተደግፋ መውረድ ጀመረች።